ጫፉ የተተኮሰ ማሰሪያ

ሞተሩ የመጀመሪያውን ሳል የሳለው ከተማዋ ከኮረብታው ጀርባ ገና ስትሰወር ነበር። ሽቦው የሚሉት ነጂ ነዳጅ ሲቀንስ ሳሉ ጠፋ፤ ሲጨምር ተመለሰ።

«ምን ሆነ?» አለ ከኋላ የተፈናጠጠው ነጋዴ።

«አንተ ብትነግረኝ ይሻላል።»

ነጋዴው የሽቦው እህት ባል ነው። በረዶ የታጨቀበት ትንሽ ሳጥን በሁለት ክንዱ አቅፏል፤ ውስጡ የእባብ መርዝ ማርከሻ አለ። እህትየው ከወንዙ ማዶ ድንጋይ በሚፈለጥበት ካምፕ መጋዘን ጠባቂ ናት። ዛሬ በማለዳ ከጆንያ ክምር ስር የወጣ እባብ ቁርጭምጭሚቷን ነደፋት። ድልድዩን ጎርፍ ስለወሰደው መኪና አያልፍም። የሚያልፈው ሞተር ብቻ ነው፤ ያውም የሽቦው።

ሽቦው ቅጽል ስሙን ያገኘው በመካኒክነቱ ነው። ባለፈው ሳምንት ያረጀውን ማቀጣጠያ ነቅሎ አዲስ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ገጠመ፤ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ካንዴላው ምን ያህል ቀድሞ እሳት እንደሚሰጥ በስልኩ አስተካከለ። ሲጨርስ ለማንም ያልነገረውን አንድ ነገር ጨመረ፤ የምስጢር ቁጥር። ሞተሩ አንዴ ከጠፋ ያ ቁጥር በስልኩ ካልገባ አይነሳም። ይህን ያደረገው ሌባ ፈርቶ አልነበረም። የእህቱን ባል ፈርቶ ነው። እጁ የገባውን ሁሉ ከመሸጥ የማይመለስ ሰው አድርጎ ነው የሚያየው።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ከጋራዡ ሲወጣ ነጋዴውን ፒንሳ ይዞ ሞተሩ ስር አጎንብሶ አገኘው።

«ምን ትነካካለህ?»

«ምንም» ብሎ ፒንሳውን ኪሱ ከተተ።

ያቺ «ምንም» እስካሁን በሽቦው ጆሮ ውስጥ ነበረች።

ሜዳው ላይ ሲወርዱ ቀይ አቧራ የተሸከመ ንፋስ ከጎን መታቸው። ሰማዩና መንገዱ አንድ ሆኑ። ሞተሩ ጠፋ። ሽቦው ወርዶ ጃኬቱን በራሱ ላይ አጣፋና ስልኩን ሸሽጎ ቁጥሩን አስገባ።

«ሞተር ነው ወይስ ባንክ ቤት?» ሲል ጮኸ ነጋዴው፤ አፉን አቧራ ሞልቶታል። «እኔንም ንገረኝ እንጂ! ብትወድቅ ምን ልሁን?»

«አልወድቅም።»

«አይ አንተ! ሚስቴ እኮ ናት የተነደፈችው።»

«ከሚስትነቷ በፊት እህቴ ናት። ዝም ብለህ ሳጥኑን ያዝ።»

ንፋሱ ሲተዋቸው ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሣር ውስጥ ገቡ። መንገዱ አንድ ጎማ ብቻ የሚያሳልፍ ነበር። ሣሩ በቀኝ በኩል ተንቀሳቀሰ፤ ቆመ፤ እንደገና ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ተሰነጠቀና ጭቃ የተለሰነ ጎሽ ቀንዱን ደፍቶ ወጣ።

«ስጠው! ነዳጅ ስጠው!»

ሽቦው እጀታውን እስከ መጨረሻው ጠመዘዘ። ሞተሩ አጓራ፣ ሁለቴ ሳለ፣ ጸጥ አለ። ጎሹ የኋላውን ጎማ በቀንዱ ጠርጎት አለፈ። ሁለቱም ተፈናጥረው ወደቁ። ሽቦው የትከሻው አጥንት ቀጭ ሲል ሰማ። ጎሹ ሣሩን እየደረመሰ ሄዶ ራቅ ብሎ ቆመ፤ ትንፋሹ እነሱ ድረስ ይሰማል።

ነጋዴው በጀርባው ተዘርግቷል። ሳጥኑ ደረቱ ላይ ነበር፤ መሬት አልነካም።

«ቆርጠኸዋል!» አለ ሽቦው ጥርሱን ነክሶ። «ጠዋት በፒንሳ ሽቦዬን ቆርጠሃል!»

«የቆረጥኩት ለሳጥኑ ማሰሪያ የሚሆን ሽቦ ነው። ይኸው፣ መጫኛው ላይ ጠምጥሜዋለሁ፤ ሳጥኑ እንዳይናጥ ብዬ ነው ያቀፍኩት። እይ!»

«ታዲያ ለምን ‹ምንም› አልክ?»

«ያንተን ሞተር መንካት ወንጀል ስለሆነ!»

ሽቦው አላመነውም። ሞተሩን አብረው አቆሙት፤ ነጋዴው የነዳጅ ታንኩን ፈትቶ አነሳለት። ሽቦው አጎንብሶ ተቆርጦ የታሰረ፣ የተላጠ፣ የላላ ነገር ፈለገ። አልነበረም። የፕላስቲክ ማሰሪያዎቹ ሁሉ እንደነበሩ ናቸው፤ ትርፍ ጫፋቸው ተቆርጦ በላይተር ተተኩሷል። ከተማው ውስጥ የማሰሪያ ጫፍ የሚተኩስ እሱ ብቻ ነው። የሌላ ሰው እጅ አልነካውም።

ያን ጊዜ ነው ስህተቱን ያየው። ሲገጥም እንዲያምር ብሎ፣ የሞተሩን ዙር የሚቆጥረውን ቀጭን ሽቦ ለካንዴላው እሳት ከሚወስደው ወፍራም ሽቦ ጋር አንድ ላይ ጠፍሮታል። እሳቱ በበረታ ቁጥር ቀጭኑን ይረብሸዋል፤ ማቀጣጠያው ቆጠራው ይጠፋበትና እሳቱን ይዘጋል። ለውበት ብሎ ያሰረው ነው ሊያስገድላቸው የነበረው።

«ፒንሳህን አምጣ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይህን ቁረጠው። ይህንንም። አሁን ቀጭኑን በወዲያኛው ጎን አሳልፈው።»

ነጋዴው እንደታዘዘው አደረገ። አላሾፈም፤ ይህ ለሽቦው ከስድብ ባሰበት።

በአንድ ክንድ ሞተር መንዳትም፣ ሳጥኑን ይዞ በፍጥነት ከሚነዳ ሰው ኋላ መቀመጥም አይቻልም። በሳጥኑ ውስጥ በረዶው እየሟሟ ነው።

«መንዳት ትችላለህ?»

«ሸቀጤን በአህያ የማመላልስ መሰለህ?»

ሽቦው ስልኩን ከኪሱ አወጣ። ከወንዙ በፊት ወደ ገበያ የሚታጠፍ መንገድ እንዳለ ያውቃል። ሞተሩ ጥሩ ዋጋ እንደሚያወጣም ያውቃል። ስልኩን ዘረጋለት።

«ቁጥሩ የሰርጋችሁ ቀን ነው። አታስታውሰውም ብዬ ነው የመረጥኩት።»

መቼ እንደነበር እስኪጠይቀው ጠበቀ። ነጋዴው አልጠየቀም። በአቧራማ ጣቱ ቀኑን፣ ወሩን፣ ዓመቱን አስገባ። ሞተሩ ተነሳ፤ ሳል የሚባል የለውም። ነጋዴው ሳጥኑን መጫኛው ላይ አስሮ ብቻውን ነጎደ።

ሽቦው እያቃሰተ ቅርንጫፏ ዝቅ ያለ አንዲት ግራር ላይ ወጣ። ጎሹ መጥቶ ከስሩ ቆመ። የሞተሩ ድምፅ ወደ ወንዙ ሄደ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ። ፀሐይዋ ዞረች። ጥርጣሬው አብሮት ዛፉ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ስለ መታጠፊያው እያሰበ ትከሻውን እንኳ ረሳው።

ጥላው ሲረዝም ጎሹ ጆሮውን አቆመና ወደ ሣሩ ገባ። ከዚያ ሽቦውም ሰማ፤ ንጹሕ፣ ያልተቆራረጠ የሞተር ድምፅ ነበር።

ነጋዴው እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ ደረሰና ሞተሩን አጠፋ።

«ማርከሻው ተሰጣት። እብጠቱ ቆሟል። እኔን ስትሰድብ ነው ትቻት የመጣሁት፤ ወንድሜን እንዴት ጥለኸው መጣህ ብላ።»

ሽቦው በነጋዴው ትከሻ ላይ እየተደገፈ ወረደ። ነጋዴው ስልኩን መለሰለት።

«ቁጥሩን ቀይረው። አሁን አውቄዋለሁ።»

ሽቦው ስልኩን መልሶ እጁ ላይ አኖረለት።

«ስላወቅከው ነው የማልቀይረው» አለ። «ተቀመጥና አስነሳ፤ ወደ እሷ ውሰደኝ። እኔ በደህናው እጄ አቅፌህ እይዝሃለሁ።»