አርባ ሰባተኛው ብልቃጥ

ማክሰኞ ጥር 16 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ። ሰዳቢው ዶክተር ይበልጣል፤ የኬሚስትሪ ክፍሉ ኃላፊ ከሆነ ገና ሦስት ሳምንቱ። ጠርሙስ አጣቢው ዳልጮ በአስራ አንድ ተማሪዎች ፊት፣ "ዶክተር፣ ይቺ ጠርሙስ አልጸዳችም፤ ገና ታበራለች" አለ። ጥፋቱ ይኼው ነው።

"አንተ ከስድስተኛ ክፍል የተባረርክ ሰውዬ፣ ስለ ብርሃን ምን ታውቃለህ? ጨርቅህን ያዝ!"

ተማሪዎቹ ሳቁ። አስሩ ሳቁ፤ አንዷ አልሳቀችም። ዳልጮ ደግሞ አልተባረረም። በትውልድ መንደሩ ኦቾሎ አባቱ ሲሞት ነው ያቋረጠው። ማን ጠየቀውና!

ዳልጮ ቀኑን ከነሰዓቱ በልቡ ይዟል። ሰኞ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ብልቃጧ ስትጠፋ፣ ጥርጣሬው ዞሮ ያረፈው ዳልጮ ላይ ነበር።

መጥፋቷን ያየችው ዶክተር ሉሊት ናት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቁምሳጥኑን ከፈተች። ከአርባ ሰባቱ ብልቃጦች የመጨረሻዋ የለችም። ሌላው ሁሉ በቦታው ነው።

ሉሊት አስራ ሁለት ዓመት የለፋችው ለአንድ ነገር ነው፤ ዩሮፒየም ከሚባል ብረት ለሚሠራ ዱቄት። በቀን ሲያዩት የበቆሎ ዱቄት ይመስላል። በጨለማ የቤተ ሙከራው ሐምራዊ መብራት ሲያርፍበት ግን እንደ ፍም ይቀላል። አንድ ቀን የሰው ደም ውስጥ ገብቶ በሽታ የተደበቀበትን ቦታ እንዲያሳይ ነው የምትፈልገው። ጠላቱ ውሃ ነው። ውሃ ከነካው ብርሃኑ ይሞታል፤ ደም ደግሞ ያው ውሃ ነው። አርባ ስድስት ጊዜ ሠራች። አርባ ስድስቱም ሞቱ። ስለ አርባ ሰባተኛዋ ለባልደረቦቿ ትንፍሽ አላለችም።

በማግስቱ ማክሰኞ ከአዲስ አበባ ኮሚቴ ይመጣል። የምታሳየው ካለ ቤተ ሙከራው ይቀጥላል። ከሌላት ይዘጋል፣ ክፍሉም ለሌላ ይሰጣል። ዱቄቱን እንደገና ለመሥራት አራት ወር ይፈጃል።

ሳጅን ባርኮት ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ ቁርጥ ቁርጥ ያለ።

"ቁልፍ ያለው ማነው?"

"እኔ፣ ጋሽ ዳልጮ፣ ሦስተኛው ኃላፊው ቢሮ ነው" አለች ሉሊት።

"መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያየሻት?"

"ቅዳሜ አስራ አንድ ሰዓት።"

ዶክተር ይበልጣል በሩ ላይ ቆሟል። ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ነው። "እኔ ይህን ክፍል ከመስከረም ወዲህ አልረገጥኩትም" አለ። "ሰው መጠርጠርም አልወድም። ግን የእሷ ተማሪ ናትናኤል፣ ስልኩ ከቅዳሜ ጀምሮ ዝግ ነው።"

ሳጅኑ የልጁ አገር ወደሆነው ገረሴ፣ ፖሊስ ጣቢያው ደወለ። መልሱ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጣ። ናትናኤል አጎቱ ሞቶበት ከዓርብ ጀምሮ ለቅሶ ላይ ነው። መንደሩ በሙሉ ምስክር ነው።

"እንግዲህ የቀረው..." አለ ይበልጣል። አልጨረሰውም። ዓይኑ ዳልጮ ላይ ጨረሰው።

ፍተሻ ሆነ። ከበሩ ጀርባ የዳልጮ ጋቢ ተሰቅሏል። ሳጅኑ ሲያራግፈው ብልቃጧ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ባዶ ናት።

"ይሄ የማነው?"

"ጋቢው የኔ ነው። ብልቃጧን ግን ማን እንዳስገባት አላውቅም።"

"ጋቢህ ያውቃል።"

ዳልጮ ሃያ ሁለት ዓመት ጠርሙስ አጥቧል። አንድ እንኳ አልሰበረም፣ አንድ እንኳ ይዞ አልሄደም። በኦቾሎ ሌብነት ጎሜ ነው፤ ነውሩ ከሌባው አልፎ ለልጅ ልጅ ይተርፋል ይባላል። ሦስት ልጆች አሉት።

ሳጅኑ መጋረጃውን ዘጋና ሐምራዊውን መብራት አነሳ። ብርሃኑ ሲያርፍበት ጋቢው ቦግ አለ። ሰማያዊ።

"ይኸው አበራ!"

ሉሊት ልትናገር አፏን ስትከፍት ዳልጮ እጁን አንስቶ አስቆማት። ይበልጣልን ነበር የሚያየው። ይበልጣል አንገቱን ደፍቶ እንደ ሐዘንተኛ ቆሟል።

"ሳጅን፣ እስቲ ወደ ሸሚዝዎ ያዙሩት" አለ ዳልጮ።

ሳጅኑ አዞረው። ኮሌታው ቦግ አለ። እሱም ሰማያዊ።

"እርስዎም ሰርቀዋላ?"

"ምንድነው ይሄ?"

"የዱቄት ሳሙና። በእሱ የታጠበ ነጭ ልብስ ሁሉ እንዲህ ነው። የዶክተር ሉሊት ዱቄት ቀይ ነው። ይህን ዶክተር ይበልጣል ሲያስተምሩ እኔ ወለል እየወለወልኩ ሰምቻለሁ። በየዓመቱ ነው የሚያስተምሩት። ዛሬ ምነው ረሱት?"

ሳጅን ባርኮት መብራቱን ቀስ ብሎ ዝቅ አደረገ።

"ይቀጥሉ፣ አባት" አለ።

ዳልጮ ባልዲውን አነሳና መታጠቢያው ስር ተንበረከከ። ከሥራው የሚያኮራው ነገር ቢኖር ይህ ነው። የታጠበ ጠርሙስ ሁሉ በሐምራዊው መብራት ይታያል። ካበራ አልጸዳም ማለት ነው። ከአስር ቀን በፊት፣ ዓርብ ዕለት፣ የአርባ ሰባተኛዋን ጠርሙስ ሲያጥብ፣ ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ ራሱ ቀልቶ አየ። ሉሊትን ጠራት። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። "እስከ ማክሰኞ ለማንም እንዳትናገር፣ ጋሽ ዳልጮ" አለችው። አልተናገረም።

የታጠፈውን ቱቦ ፈታው። ዝቃጩ ውሃ ባልዲው ውስጥ ተንዠቀዠቀ።

"አሁን ያብሩት።"

ባልዲው ቀላ። የሳሙና አረፋው፣ ጸጉሩ፣ ቆሻሻው ሁሉ በቀይ ተጥለቀለቀ።

"እዚህ ነው የደፉት" አለ ዳልጮ። "ዱቄት ሲደፋ ደግሞ ይቦናል። የሁላችንም እጅጌ ይታይ።"

የሳጅኑ ሰማያዊ። የዳልጮ ካፖርት ምንም። ሉሊት ጋዋን አልለበሰችም። የይበልጣል ቀኝ እጅጌ ከአንጓው እስከ ክርኑ ቀይ ነጠብጣብ ሆኖ በራ።

"አይሆንም!" አለ ይበልጣል። "ውሃ ይገድለዋል! በውሃ የታጠበ አያበራም!"

"ታዲያ እጅጌዎን ያጠቡት ከምኑ ነው?" አለ ሳጅን ባርኮት።

ይበልጣል እጅጌውን አየ።

"ይቺኛዋ አትሞትም፣ ይበልጣል" አለች ሉሊት በዝግታ። "አስራ ሁለት ዓመት የፈለግኳት ለዚህ ነው። ሪፖርቴን አንብበኸው ቢሆን ወዴት እንደምሄድ ታውቅ ነበር።"

"ለምን አደረጉት?" አለ ሳጅኑ።

ይበልጣል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሲናገር ድምፁ የተማሪ ድምፅ ሆነ።

"ሐዋሳ። ግንቦት 2006፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ። ሥራውን ሁለታችን ነን የጀመርነው። መድረክ ላይ ወጥታ 'ረዳቴ ይበልጣል' አለች። ረዳቴ! ያን ሁሉ ሰው ፊት። ከዚያ ወዲህ ይህን ብርሃን ባየሁት ቁጥር የሚሰማኝ ያች ቃል ናት።"

ሉሊት ግንባሯን ያዘች። "እኔ እንዲህ ብያለሁ?" አለች። የምሯን ነበር። አታስታውሰውም።

ዳልጮ ልብ አለ። ቀኑን ከነሰዓቱ። ሰውዬው እንደሱው ቆጥሯል። እሱ ራሱ አራት ሰዓት ከሩብ ብሎ የቆጠረውን ያህል ይበልጣልም በልቡ ይዞ ኖሯል፤ ደግሞም ዳልጮን ሲሰድብ ያንን እንደ እሳት በሆዱ ይዞ ነበር። ቢሆንም ይህ የሚለውጠው ነገር የለም። ዳልጮ በማንም ጋቢ ውስጥ የተሰረቀ ዕቃ አልሸጎጠም።

ሉሊት ባልዲውን በሁለት እጇ አቀፈችው። "ማጣራት እችላለሁ" አለች። "ነገ ይህንኑ ነው የማሳያቸው። ከቧንቧ ዝቃጭ ውስጥ ያልሞተ ብርሃን። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል? ጋሽ ዳልጮ፣ አንተም ከጎኔ ትቆማለህ።"

ሳጅን ባርኮት ይበልጣልን ይዞ ወጣ። ዳልጮ ጋቢውን አራግፎ ትከሻው ላይ ጣለና ተከተላቸው። ግቢው ውስጥ ተማሪ ተሰብስቧል። ደረጃው ስር ሲደርሱ ይበልጣል ቆመ። ጎንበስ አለና ከመንገዱ ዳር እርጥብ ሣር ነጨ። በጋሞ ምድር ሣር ይዞ ይቅርታ የሚለምን ሰው እምቢ እንደማይባል፣ ሣሩም እንደማይረገጥ እዚህ የኖረ ሁሉ ያውቃል። ሣሩን በሁለት እጁ ዘረጋ።

"ጋሽ ዳልጮ" አለ። ጋሽ ሲለው የመጀመሪያው ነው። "በድዬሃለሁ። ዛሬም፣ ያኔም። አስታውሰዋለሁ፤ ተማሪዎቹ ፊት። አንድ ቃል በለኝ።"

ቃሉ ነበረው። ወደ ዘጠኝ ዓመት ጠርሙስ ሲያጥብ፣ ወለል ሲወለውል በአፉ ሲያመላልሰው የኖረ ቃል። ምላሱ ላይ መጣ። ተማሪዎቹም ጠበቁ።

ዳልጮ ሣሩን አየው። አልተቀበለውም፣ አልረገጠውምም፤ ቃሉንም ዋጠው። በጎኑ ዞረና ወደ ግቢው በር ሄደ።