ጨው ያጣው ወጥ

ወይዘሮ ጸሐይወርቅ ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ ሞተው የተገኙት ጠዋት ነው። እኩለ ቀን ሳይሆን ሰፈሩ ገዳይ አገኘላቸው፤ ማታ ማታ የስኳር መርፌያቸውን የምትወጋቸውን የቤት ሠራተኛ፣ የወሎዋን ልጅ ሀኒፋን። ሰፈር ሲፈርድ ምስክር አይጠራም። ጎረቤት ሹርጣውን፣ የሱዳኑን ፖሊስ፣ ጠርቷል፤ የመኖሪያ ወረቀት የሌላት ልጅ ደግሞ ሹርጣ እጅ ከገባች መቼ እንደምትወጣ የሚያውቅ የለም።

የሟች ልጅ ናሆም አቶ ሰማኸኝን አስጠራ። ሰማኸኝ ድሮ ደሴ የፖሊስ መርማሪ ነበሩ፤ አሁን ካርቱም ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ዓይናቸው ግን ሥራውን አልለቀቀም። ወደ አስከሬኑ ቀረብ አሉ። የሟች እግር አብጧል። ማቀዝቀዣው ሙከይፍ እየነፈሰ ክፍሉ ቀዝቅዟል፤ ትራሱና አንሶላው ግን በላብ ርሰዋል።

ሀኒፋን ማድ ቤት ውስጥ አገኟት።

«ማታ ምን ያህል ወጋሻቸው?»

«እንደ ሁልጊዜው ነው ጋሼ፤ ወላሂ! ድሮ ዶክተሩ ካዘዘው ጠብታ አልጨመርኩም።»

«በልተው ነበር?»

«አንድ ሁለት ጉርሻ። ጨው የለውም ብለው ተዉት። ናሆም ነው ጨው የከለከለኝ፤ ጎረቤቶቹ ግን በክፋቷ ነው ይላሉ።»

ሰማኸኝ ጣታቸውን ወጡ ውስጥ ነክረው ቀመሱ። እውነትም አልጫ እንኳ እንዲህ አይሆንም።

ሳሎን ውስጥ ከሐጅ ዩሱፍ ሰፈር የመጣው የባህል መድኃኒት ሻጭ ዛኪር አመድ መስሎ ተቀምጧል።

«የእኔ ቅጠል ሰው አይገድልም! ስኳራቸው የወረደው በእሱ ነው። እልል ብለው መርቀውኛል!»

ሰማኸኝ ከቅጠሉ ቆንጥረው አኘኩ። «ሽፈራው ነው። አይገድልም፤ እንዲህ አድርጎም አያድንም።» ወደ ናሆም ዞሩ። «እናትህ ግፊት ነበረባቸው?»

«ላ፣ ግፊት ማፊ፣ የለባትም። ስኳር ብቻ።»

«የመጨረሻውን የሐኪም ውጤት ማን ተቀበለ?»

«እኔ። ሁሉም ተማም፣ ደህና ነው አለ።» ናሆም ይህን ሲል ወደ ምንጣፉ አየ።

ሰማኸኝ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰቡ። ሀኒፋ በሩ ጥግ ቆመች።

«ወንድሜን የቀበርኩት በዚሁ በሽታ ነው» አሉ። «ስኳር የቆየበት ሰው ኩላሊቱ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይደክማል። መጀመሪያ ሕመምም ምልክትም የለውም፤ ኋላ እግር ያብጣል። የደከመ ኩላሊት ደግሞ መርፌውን ከሰውነት ቶሎ አያስወጣም፤ መድኃኒቱ ይቆያል፣ ስኳሩ ይወርዳል። እናንተ ዳኑ ብላችሁ እልል ስትሉ እሳቸው እየባሰባቸው ነበር። ያው የድሮው መርፌ በዝቶባቸዋል። ትናንት ደግሞ ሳይበሉ ተኙ። በቀዘቀዘ ክፍል ትራስ በላብ የሚርሰው ስኳር ከልክ በታች ሲወርድ ነው።»

«እንግዲያው ገዳይ የለም በሉና!» አለ ዛኪር።

«አንድ ነገር ቀርቶኛል። ግፊት የሌለበትን ሰው ጨው ምን ያስከለክለዋል? ኩላሊት ነው። ጨው የከለከለው ሰው የኩላሊቱን ነገር ያውቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ግን የደበቀው በሽተኛው አይደለም።»

ናሆም ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ዶክተሩ ነግሮኛል። ኩላሊቷ እየደከመ ነው፤ ጨው ቀንሱ፣ መርፌውንም ቀንሱ አለኝ። ኩላሊት የሚለውን ከሰማች በድንጋጤ ትሞትብኛለች ብዬ ፈራሁ። ለሀኒፋም ብነግራት ለእማዬ ትነግራታለች አልኩ። ነገ እነግራታለሁ፣ ቡክራ፣ ቡክራ እያልኩ...»

ማንም አልተቆጣውም። ከታመመ ሰው ክፉ ዜና መደበቅ እዚያ የነበሩት ሁሉ ያደረጉት ነገር ነውና፣ እያንዳንዱ የራሱን ሟች አሰበ። ያሳዝናል፤ እናቱን ከመርዶ ሊያድን ሲል መርዶዋን አመጣው።

በሩ ተንኳኳ። ሹርጣ ነው። ሀኒፋ ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

ናሆም ተነሳ። «እሷ ምንም አላደረገችም። እኔ እነግራቸዋለሁ» ብሎ ወደ በሩ ሄደ። አጠገቧ ሲደርስ ሀኒፋ ቀስ ብላ ተናገረች።

«እትዬ ዓይናቸው ደክሞ መርፌው ላይ ያለውን ቁጥር እንኳ አያዩም ነበር። ሹክ ብትለኝ ኖሮ ምንም ሳልነግራቸው እቀንስላቸው ነበር።»

ናሆም በሩን ከፈተ።