ካልቆነጠጠችው አይለቅም

«ጎማ ጠጋኝ ልታገቢ?»

«ጠጋኝ ምን ሆነ? አንተ ከማፍረስ ሌላ ምን ታውቃለህ?»

ጎሚስታው ከተገለበጠው ብስክሌት ሥር ቀና ሲል ፔዳሉ ግንባሩን አለው። በገዛ ሱቁ ውስጥ እህትና ወንድም በሱ ሰርግ ሲጣሉ፣ ሙሽራው ወሬውን ገና መስማቱ ነው።

እህትየዋ ሦስት ጊዜ የማራቶን ሻምፒዮን የሆነች ሯጭ ናት። ወንድሟ ማናጀሯ ነው፤ ጫማዋን፣ ምሳዋን፣ እንቅልፏን ሳይቀር እሱ ይወስናል። ጎሚስታው ደግሞ ገና «ይቺ ደግሞ የት ልትደርስ» ስትባል ጀምሮ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ ልምምድ ላይ በብስክሌት ከጎኗ እየሄደ ውሃ ያቀበላት ሰው ነው። በስምንት ዓመት ከአፉ የወጣው «እንቺ» እና «በርቺ» ብቻ ነው። ሌላው ወሬ ሁሉ በጣት ነበር። ጠርሙሱን ይዘረጋል፤ እሷ ደህና አድርጋ ስትይዘው ጣቱን ቆንጠጥ ታደርገዋለች፤ ያኔ ይለቃል። ካልቆነጠጠችው አይለቅም።

አንዳንድ ቀን ውሃ ሳትፈልግም ትቆነጥጠዋለች።

«ያገባች ሯጭ እግሯ ይታሰራል» አለ ወንድሟ።

«እሁድ ማራቶኑ ላይ ታየዋለህ። ካሸነፍኩ አገባዋለሁ፣ አንተም አፍህን ትዘጋለህ። ከተሸነፍኩ አላገባውም። መንገድ ዳር፣ የውሃው ጠረጴዛ ላይ፣ ውሃ የሚያቀብለኝም አንተ ሳትሆን እሱ ነው።»

ጎሚስታው «እኔ እኮ...» ሊል አፉን ከፈተ። ማን ሰምቶት።

እሁድ፣ ሠላሳ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ከጠረጴዛው ኋላ ተገተረ። አንድ እርምጃ አብሯት ቢሮጥ እሷ ከውድድሩ ትሰረዛለች፤ የተፈቀደለት እጁን መዘርጋት ብቻ ነው። እየመራች መጣች፣ አንዲት ረጅም ሯጭ ተረከዟ ላይ ተለጥፋ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። እሷ ጠርሙሱን ጨበጠች፤ እሱ ቁንጥጫውን ጠበቀ።

በዚያ ፍጥነት ማን ይቆነጥጣል?

ጠርሙሱ ከሁለቱም እጅ አምልጦ አስፋልቱ ላይ ተንከባለለ። እሷ ዞራ አላየችም። ትከሻዋ ግን በሳቅ ሲነቃነቅ አይቷል።

የቀረውን ሰባት ኪሎ ሜትር በደረቀ ጉሮሮ ሮጠች። በአራት ሰከንድ ተቀደመች።

ጎሚስታው በብስክሌቱ እየበረረ መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ መሬት ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ትፈታለች። ወንድሟ ግማሽ ፊቱ ተናዷል፣ ግማሹ ደስ ብሎታል።

«ውሃ ማቀበል የማይችል ባል» አለ። «ቃልሽን አልረሳሽም አይደል?»

«ቃሌን በልቼ አላውቅም።»

ጎሚስታው እንድትነሳ እጁን ዘረጋላት። ያዘችው፣ ተነሳች።

«አላገባህም» አለችው፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ጣቱን ቆነጠጠችው።

ይኼኔ መልቀቅ ነበረበት። አልለቀቀም።

«የተወራረድሽው አንቺ፤ እኔን ማን ጠየቀኝ?» አላት። «አንቺ አታግቢኝ። እኔ አገባሻለሁ።»