በፊቷ ያልተበላው ዳቦ

ሊድያ «የጋምቤላን ሰው አውቀዋለሁ» ባይ ነበረች። ወላጆቿ ከደጋ መጥተው አቦቦ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው፤ እሷም እዚያው ተወልዳ፣ ከአኙዋ ልጆች ጋር ስትጫወት አድጋለች። የኑዌር ልጅ ግን ቢየልን እስክታገኝ ቀርባ አታውቅም። አላውቅም ማለት ደግሞ ለኩሩ ሰው ከባድ ነው።

ቢየል ዝምተኛ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። የሳንባ ነቀርሳ ይዞት፣ ባሮ ዳር ወዳለው ጤና ጣቢያ በየማለዳው እየመጣ ለስድስት ወር ነርሷ ፊት ክኒን መዋጥ ነበረበት። ነርሷ ሊድያ ናት። እሱም ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ይውጥና፣ ከዚያ ለመሄድ አይቸኩልም። ስለ ተማሪዎቹ ተንኮል ይነግራታል፤ እሷም ትስቃለች። ሁለተኛው ወር ሳያልቅ ሊድያ ሌሊቱ አልነጋ ይላት ጀመር። ወደደችው፤ ሌላ ስም የለውም።

ክኒኑ ግን ባዶ ሆዱን እየረበሸ ያስመልሰው ያዘ።

«ቀምሰህ ና እንጂ!» አለችው።

«ስወጣ ገና ጨለማ ነው። እህቴ እሳት አላነደደችም።»

በማግስቱ ዳቦ በእንቁላል ይዛለት መጣች። በእነ ሊድያ ቤት የወደዱትን ማጉረስ ደንብ ነውና፣ ቆርሳ ወደ አፉ ዘረጋችለት።

«በሞቴ!»

ቢየል ወደ ኋላ አፈገፈገ። «አይሆንም።»

«እጄ ላይ ምን አየህ?»

ፊቱን ወደ ወንዙ መለሰ። «ክኒኑን ሌላ ነርስ ብትሰጠኝ ይሻላል» አለ።

ሊድያ በጥፊ የተመታች ያህል ፊቷ ጋለ። «እዚሁ ፊቴ ካልበላህ ክኒን የለም!»

አንዴ ቀና ብሎ አያትና ወጣ። ከዚያ ወዲያ አልመጣም።

የቀረ በሽተኛን ፈልጎ ማምጣት የእሷው ሥራ ነበር። አልሄደችም። «እጄን ተጸየፈ» እያለች እልህ ያዛት፤ ሳምንቱ ወር፣ ወሩ አራት ወር ሆነ።

አንድ ቀን ኛሙዎች የምትባለው እህቱ ደግፋ አመጣችው። አጥንቱ ብቻ ቀርቷል። ሐኪሙ መርምሮት ሲወጣ ራሱን ነቀነቀ።

ሊድያ ኛሙዎችን በረንዳው ላይ ያዘቻት። «ለምንድን ነው የጠላኝ?»

«ጠላሽ?» ኛሙዎች አፈጠጠችባት። «ሲስተር፣ እኛ ጋ ወንድ ሊያገባት በሚፈልጋት ሴት ፊት አይበላም። ነውር ነው። ለአጎቶቻችን እኮ ስላንቺ ነግሯቸው ነበር። ሌላ ጤና ጣቢያ ሂድ ስንለው፣ እሷ ካባረረችኝ ሌላ ጋ አልሄድም ብሎ እንቢ አለ።»

«ከበላስ?»

«ከበላ ትቷታል። እንደ እህቱ ሆነች ማለት ነው።»

ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ። ሊድያ አፏን በጋወኗ አፍና አለቀሰች።

ከዚያም ዳቦና ሻይ ይዛ ገባች። አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችለትና ጀርባዋን ሰጠችው።

«አላይህም፤ ብላ። ስትድን ሽማግሌ ላክ። አባቴን እኔ እለምነዋለሁ።»

ቢየል ክርኑን ተደግፎ ቀና አለ። ባሮ ላይ የሚታጠቡ ሰዎች ጫጫታ በመስኮቱ ይገባል።

«ሊድያ» አለ፣ «ዙሪ።»

ዞረች። ያኔ እንዲበላ ለምናው ነበር፤ አሁን እንዳይበላ አምላኳን ለመነች።

ቢየል ዓይን ዓይኗን እያየ ዳቦውን ቆረሰና ጎረሰ።