የተሸፈነው ቴሌስኮፕ

ኢንስፔክተር ረውዳ ማለዳ ደሴ፣ ሙጋድ ሰፈር ከሚገኘው የሐጂ ሸረፈዲን ግቢ ስትደርስ አስከሬኑ በጋቢ ተሸፍኖ ነበር። የሐጂ አንድያ ልጅ፣ የፊዚክስ መምህሩ ዑዘይር፣ ከአራተኛ ፎቅ ሰገነት ሲሚንቶው ላይ ወድቋል። ሟቹ ሌሊቱን ኮከብ ሲጠብቅ የሚያድር ሰው ነበርና ጎረቤቱ በለሆሳስ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይባባላል። ደሴ ለሞተም ምላሷን አትሰበስብም።

ሐጂ ጥርጣሬ የላቸውም። የልጅ ልጃቸውን፣ ገና የሚጠባውን ሕፃን ታቅፈው፣ ምራታቸውን በአገጫቸው ጠቆሙ።

«ቢልቂስ ናት የገፋችው። ማታ ሲጨቃጨቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«ምን አልሽው?» አለቻት ረውዳ።

«ከኮከብህ ጋር እደር አልኩት። ሻዩን አድርሼለት ወርጄ ተኛሁ። ወላሂ ሌላ የማውቀው የለም።»

ረውዳ ሰገነቱ ላይ ወጣች። ከመንገድ በኩል የሚያደርስ የብረት ደረጃ አለው። ከጦሳ ተራራ የወረደው የሌሊት ጉም ሁሉን አርሶት ሄዷል። የዑዘይር ቴሌስኮፕ በሸራ ተሸፍኖ በገመድ ተወጥሯል፤ የሚያዞረው ሞተር ግን አሁንም ያጉረመርማል፣ የተገጠመለት ካሜራም እንደበራ ነው። የገመዱን ቋጠሮ በስልኳ ፎቶ አንስታ ለቢልቂስ አሳየቻት።

«ባልሽ እንዲህ ነው የሚያስረው?»

«ማሰር መቼ ያውቅና። ሁልጊዜ በላስቲክ ነው የሚይዘው።»

ረፋድ ላይ የሟች የሥራ ባልደረባ ሙንዚር ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደረሰ። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል።

«ምን ነበር የምትፈልጉት?» ስትል ጠየቀችው።

«ከኛ ብዙ የማትርቅ ትንሽ ቀይ ኮከብ አለች። ፕላኔት በፊቷ ሲያልፍ ብርሃኗ ጥቂት ይደበዝዛል። ሁለቴ ደብዝዛ አይተናል። በስሌታችን ፕላኔቱ ለውሃ የሚስማማ ሙቀት አለው፤ ሰው ሊኖርበት ይችላል። ሦስተኛውን ትናንት ማታ ነበር የምንጠብቀው።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ኮምቦልቻ። ይህን ሰገነት ከረገጥኩ ወር አልፎኛል።»

ረውዳ ራሷን ነቀነቀች፤ ከዚያም ቢልቂስን በካቴና አስራ ወሰደቻት። ንጹሕ መሆኗን ታውቃለች፤ ገዳዩ እንዲረጋጋ ግን ፈልጋለች። ሥራው ይህን ይጠይቃል ብላ ራሷን አሳመነችና እንቅልፏን ተኛች።

ከቀናት በኋላ፣ ደመና በከበደበት አንድ ከሰዓት፣ ሐጂን፣ ሙንዚርንና ካቴና ያልተፈታላትን ቢልቂስን ሰገነቱ ላይ ሰበሰበቻቸው። ያጋተው የቢልቂስ ጡት ቀሚሷን አርሶታል። ሕፃኑን ለማየት ስትንጠራራ ሐጂ ጀርባቸውን ሰጧት። ቴሌስኮፑ ሸራው ተገፎ፣ አፉን ለሰማይ ከፍቶ ቆሟል።

ረውዳ ሆን ብላ ወሬዋን አስረዘመችው። ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። ሐጂ ሕፃኑን በኩታቸው ሸፈኑ። ቢልቂስ ልጇን ብቻ ታያለች። ሙንዚር ተቁነጠነጠ።

«የቴሌስኮፑ መስተዋት እኮ ይበላሻል» አለ።

«ይበላሽ» አለችው።

ዝናቡ ጠንከር ሲል አልቻለም። ብድግ ብሎ ሸራውን አለበሰው፤ ገመዱን አዙሮ፣ ጠምዝዞ፣ ሳበው።

«አሁን እጅህን አንሳ» አለችው ረውዳ። ስልኳን አውጥታ ፎቶውን ከቋጠሮው አጠገብ ያዘች። ሁለቱ አንድ ነበሩ።

«ካሜራው በዚያ ሌሊት ኮከቧን ሲያነሳ ቆይቶ ድንገት ጨልሞበታል። ስለዚህ ሸራው የለበሰው በዚያው ሌሊት ነው። ሥራውን ጨርሶ የሚሸፍን ሰው ሞተሩን ያጠፋል። ዑዘይር አላጠፋም፤ ሸራው ሲለብስ እሱ ሲሚንቶው ላይ ነበር። ሐጂ ይህን ዕቃ የሰይጣን ነው ብለው አይነኩትም። ቢልቂስ እንደ ጣውንት ትጠላዋለች፤ ጉም ቢበላው ደስታዋ ነው። ቋጠሮው ደግሞ የጭነት መኪና ሸራ የሚወጠርበት ነው። ኮምቦልቻ ወርጄ ጠየቅሁ፤ ተማሪ ሳለህ የመኪና ረዳት ነበርክ። ጓደኛህን ገፍተህ ጥለህ ልትሄድ ስትል ጉሙ መጣ። ለሰውየው አላዘንክም፤ ለመስተዋቱ አዘንክ።»



«ሰዓቱ ደርሶ አለፈ፤ ኮከቧ አልደበዘዘችም» አለ ሙንዚር። «ፊት ያየነው የራሷ የኮከቧ ጥቁር ነጥብ ነው፣ ፕላኔት የለም፣ ነገ ለሁሉም እነግራለሁ አለኝ ዑዘይር። እኔ ደግሞ አገኘን ብዬ አስወርቻለሁ፤ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ያገኘሁትም በሱ ነው። ትንሽ ዝም በል ብዬ ለመንኩት። እምቢ አለኝ።»

ረውዳ ካቴናውን ከቢልቂስ እጅ ፈትታ ለእሱ አጠለቀችለት።

ሐጂ ወደ ምራታቸው ቀረቡ። «ልጄ፣ አፉ በይኝ። ቤቱ ያንቺ ነው፤ እዚሁ ኑሪ።»

«እዚህ ሰው አይኖርም» አለች ቢልቂስ፤ ሕፃኑንም ከክንዳቸው ወሰደችው። ወደ ረውዳ ዞረች። «እኔ እንዳልሆንኩ መቼ ነው ያወቁት?»

«በመጀመሪያው ቀን። ጠዋት።»

ቢልቂስ በሻርፗ ከልላ ጡቷን ለልጇ ሰጠችው። በጡጦ የሰነበተው ሕፃን ፊቱን አዙሮ ጮኸ። ደግማ ሰጠችው፤ ደግሞ አዞረ።