ያልታዘዘው መርፌ

ሟቿ አልጋዋ ላይ በጎኗ ተኝታለች። አንድ እጇን ከጉንጯ ሥር ሸጉጣለች፤ ላያት ሰው ሸለብ ያደረጋት ትመስላለች። ራስጌዋ ባለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥና አንድ መርፌ ተቀምጠዋል። ልጅ ፍለጋ ከክሊኒክ ክሊኒክ ስትንከራተት ወጣትነቷን የጨረሰች ሴት ነበረች፤ ይኸው ደግሞ ይቺን መጨረሻ አገኘች።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» ነው የሚሏት። እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ቆማ የምትጠብቅ ናት እያሉ ይቀልዱባታል። እሷም አፍ አታጣም፤ «እናንተ ደግሞ ቀንድ የምትነክሱ ችኩል ጅቦች!» ትላቸዋለች። ያን ቀን ግን የቀልድ ወሬ ከአፏ አልወጣም። እሷም ሳትወልድ እዚህ ዕድሜ ላይ የደረሰች ናትና፣ አልጋው ላይ የተኛችውን ጎንበስ ብላ አየቻት።

ብልቃጡን በጓንት አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። ውስጡ ደረቅ ነው፤ ጠብታ እርጥበት የለውም። መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ የሟቿን እጅጌ ቀስ ብላ ገለጠች። ከክንዷ በስተኋላ፣ ከክርኗ ከፍ ብሎ፣ አንድ አዲስ የመርፌ ነጥብ አየች። ሆዷ ላይ ያሉት ግን የቆዩና የደበዘዙ ናቸው።

ሳሎን ስትገባ መጀመሪያ የተቀበለቻት የሟቿ ባል እህት ናት። ነርስ ናት፤ ባልና ሚስቱ ለዓመታት የታከሙበት የመካንነት ክሊኒክ ውስጥ ነው የምትሠራው።

«ያ አዲሱ ክሊኒክ ነው የገደላት!» አለች እንባዋን እየጠረገች። «እኔ ያለሁበትን ትታ እዚያ ሄደች። ስንት ዓመት በእጄ ተንከባክቤያት! ገና ከመግባቷ መርፌ አሸከሟት። ይኸው ጉዳቸው!»

«መርፌ እንዳዘዙላት ነግራሽ ነው?»

«ምን መንገር ያስፈልገዋል? ይህ ሕክምና ያለ መርፌ የት አለ? ሁሉም የሚጀምረው በመርፌ ነው።»

«ዛሬ አይተሻታል?»

«አላየኋትም። በምሳ ሰዓት መጥቼ የእናቴን መድኃኒት ሰጥቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። እሷ መኝታ ቤቷን ዘግታ ነበር።»

እናትየው ሶፋው ጥግ ኩርምት ብለዋል። መርማሪዋ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እማማ፣ ምንዎን ያምዎታል?»

«ስኳር ነው ልጄ። ዓይኔንም ጨርሶታል።»

«መርፌውን ራስዎ ነዎት የሚወጉት?»

«ኧረ እኔ ምኑን ችዬ! ልጄ ናት። ሆዴ ላይ መወጋት ስለምፈራ ሁሌ እዚህ ጋ ነው የምታደርግልኝ» ብለው ክንዳቸውን አዙረው ከበስተኋላው አሳዩዋት። «ከዚያ በኋላ ምሳዬን በልቼ እንቅልፍ ይጥለኛል። ምንም አልሰማሁም።»

«ከምራትዎ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«ምን ልዋሽሽ?» አሉ አሮጊቷ። «ወንዱ ልጄ ዘር ሳይተካ ሊቀር ነው ብዬ ስንቴ አፌን ከፍቼባታለሁ። መካን ብያታለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልመለሰችልኝም።»

የሟቿ ታናሽ እህት ወጥ ቤት ቆማ አንድ የታጠበ ብርጭቆ ደጋግማ ታጥባለች።

«ክሊኒኩን የመረጥነው አብረን ነው» አለች ቀና ሳትል። «ስንቱን ዞርን መሰለሽ! አንዱ ጋ ግድግዳው በሕፃናት ፎቶ ተሞልቷል፤ ገና ሳንቀመጥ መንታ ቃል ገቡልን። እህቴ ‹ይሄ ሱቅ ነው፣ እንውጣ› አለችኝ። መጨረሻ የሄድንበት ግን ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችው ‹ባልሽስ የት አለ?› ብላ ነው። ስንወጣ እህቴ ‹ስለ እሱ የሚጠይቅ ሰው ዛሬ ገና አገኘሁ› ብላ ሳቀች።»

«ባልየው ከዚያ በፊት አልተመረመረም?»

«በድሮው ክሊኒክ ተመርምሯል። ውጤቱን ያመጣችው እህቱ ናት። ‹ወንድሜ ምንም የለበትም› አለች፤ በቃ፣ ከዚያ ወዲህ መርፌው ሁሉ በእህቴ ላይ ወረደ።»

ባልየው በረንዳ ላይ ነበር። ሲያወሩት እንኳ ዞሮ አያይም።

«ለሚስትህ መርፌ ታዞላት ነበር?»

«አላውቅም።»

«ዛሬ ጠዋት አብራችሁ ክሊኒክ እንደነበራችሁ እህቷ ነግራኛለች። ምን አሏችሁ?»

«ምንም።»

ይህን ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ምንም ያልተባለ ሰው እንዲህ ሆኖ አያለቅስም ብላ መርማሪዋ ተወችው።

በማግስቱ አዲሱ ክሊኒክ ሄደች። ሐኪሟ በሩን ዘግታ የነገረቻት ብዙ ነው፤ የመጀመሪያው ግን አጭር ነበር። «አንድም መርፌ አላዘዝንላትም። እሷ እኮ ፍጹም ጤነኛ ነበረች።» ከዚያ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለላት። በደሟ ውስጥ የስኳር ሕሙማን የሚወጉት መድኃኒት ተገኝቷል። ሆዷም ባዶ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም።

ከቀብሩ በኋላ አራቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ይህን ነገር ያቀናበረው ሰው ጥፋቱን በአዲሱ ክሊኒክ ላይ ሊያላክክ ነው የፈለገው» ብላ ጀመረች። «ግን ብልቃጡ ደረቅ ነው። ያን ቀን የተቀዳበት ቢሆን ኖሮ እርጥበት ይቀርበት ነበር። የቆየ ነው፤ ከድሮው ሕክምና የተረፈ ባዶ። ክሊኒኩ ደግሞ መርፌ የሚባል ነገር አላዘዘም። እህቷ ይህን ታውቃለች፣ አብራት ትሄድ ነበርና። ባሏም ‹አላውቅም› ቢለኝም ያውቃል፤ ያን ቀን ጠዋት አብሯት ነበር። መርፌ የግድ ነው ብሎ የሚያስብ እዚያ ክሊኒክ ደጃፍ ያልደረሰ ሰው ብቻ ነው።»

ባልየው ቀና አለ። «ራሷን... ራሷን አይደለም የገደለችው?»

«አይደለም፣ ወንድሜ። የተወጋችው ከክንዷ በስተኋላ ነው። እስቲ ሞክረው፤ ለራስህ እዚያ ጋ መውጋት አትችልም። ሌላ ሰው ነው የወጋት፣ እሷም አምናው ክንዷን የሰጠችው ሰው። እናታችሁ ዓይናቸው አያይም። ክንድ አዙራ መውጋት የለመደች፣ የስኳሩ መድኃኒት በእጇ ያለ፣ በዚያ ሰዓት እዚህ ቤት የነበረች...»

ነገሩን መጨረስ አላስፈለጋትም። ሁሉም ነርሷን ያያሉ።

«ቫይታሚን ነው አልኳት» አለች ነርሷ። «እንድትዝለፈለፍ ብቻ ነበር። ‹የዚያ ክሊኒክ ሕክምና አልተስማማሽም› ስላት ፈርታ እንድትተወው። ቶሎ ተመልሼ ላነቃት ነበር፤ ሥራ ላይ አንዲት በሽተኛ ደም ፈሰሳትና ያዙኝ፤ ስመለስ አልቃ አገኘኋትና ያን ብልቃጥ አስቀመጥኩ። ባዶ ሆዷን መሆኗን በምን ልወቅ? በእናቴ ሞት፣ አላወቅኩም!»

«ክሊኒኩን የፈራሽውስ አንቺ ነሽ» አለች መርማሪዋ። «እዚያ ወንዱም ይመረመራል፤ ውጤቱም በአንቺ እጅ አያልፍም። የወንድምሽን የድሮ ውጤት ደብቀሽ፣ የእሱን ችግር በሷ ላይ ጭነሽ ኖርሽ።»

«ወንድሜ እንዳይሰበር ብዬ ነው! ሰው ምን ይለዋል? እሷ ሴት ናት፣ ትችለዋለች ብዬ...»

እናትየው ደረታቸውን ደቁ። ታናሽ እህቲቱ ተነስታ ነርሷ ላይ ልትወርድ ስትል መርማሪዋ እጇን ያዘቻት። ባልየው ግን አልጮኸም። ወደ እህቱ ሄዶ ፊት ለፊቷ ቁጭ አለ።

«እኮ ያን ቀን ጠዋት ነግረውን ነበር» አላት። «ችግሩ የኔ መሆኑን ሰማን። ጠዋቱን ሙሉ እኔን ስታባብል እህል በአፏ አልዞረም። እኔ ሥራ ልሂድ ስወጣ በር ላይ ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ለእናትህም ለእህትህም እንዳትነግራቸው። መካን መባሉን እኔ ለምጄዋለሁ፣ አንተ አትችለውም። ልጅ እናሳድጋለን፤ ወላጅ ያጣ ልጅ ሞልቷል።› አስማለችኝ። እኔም ምያለሁ። ስትሞት በኔ አዝና ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

ነርሷ ወደ እሱ ተጠጋች። «ለምን... ለምን ያኔውኑ አልነገርከኝም?»

«አንቺስ?» አላት። «አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም? ውጤቴን ያኔ ብትነግሪኝ እሷ ዛሬ ትኖር ነበር።»

መርማሪዋም ሥራዋ አልቆ ሳለ ወዲያው መነሳት አቃታት፤ ከአሮጊቷ ጎን ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች፣ አብራቸውም አለቀሰች።