«ተንበርከክ!» ያለው ሰው

እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1719 ዓ.ም.፣ በሐምሌ ወር መጨረሻ፣ ከስቶክሆልም በስተ ምሥራቅ ባሉት ደሴቶች ላይ ጭስ ቆሞ ይታይ ነበር፤ የሞስኮብ ጀልባዎች የባሕሩን ዳርቻ መንደሮች ተራ በተራ እያቃጠሉ ወደ ከተማዪቱ ይቀርቡ ነበርና። ንጉሡ ባለፈው ኅዳር በኖርዌይ ምሽግ ሥር በጥይት ተመትተው ሞተዋል፤ ሃያ ዓመት ሊሞላው የተቃረበው ጦርነት የአገሩን ጎልማሳ ጨርሶታል፤ ያርደት በተባለው ሰፊ የሥልጠና ሜዳ ላይ ተሰልፈው የነበሩትም ከማጭድ ወደ ነፍጥ የተዛወሩ፣ ግራና ቀኛቸውን ገና ያልለዩ ምልምል ገበሬዎች ነበሩ።

እነዚህን ምልምሎች የሚያሠለጥነው ሃምሳ አለቃ ክርስቲያን ስፕዩት፣ አርባ ዘጠኝ ዓመት የሞላው፣ ቀኝ እግሩን የሚጎትት ሰው ነበር። በስዊድን ጦር ደንብ ለየወታደሩ አጭር የዘመቻ ስም ይወጣለት ነበር፤ «ስፕዩት» በቋንቋቸው ጭሬ፣ የእግረኛ ረጅም ጦር፣ ማለት ሲሆን፣ ስሙ የወጣለት በሃያ ዓመቱ ረጅሙን ጭሬ ከሚሸከሙት ረድፍ ስለ ገባ ነው። በዚያን ጊዜ ነፍጠኛው በሚነድ ክር ይተኩስ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ክሩ ይጠፋና ጭሬ ያዡ ብቻውን ይቀራል። ከዚያ ወዲህ በባልጩት የሚተኮሰው ነፍጥ መጣ፤ ሳንጃም በአፈሙዙ ላይ ተሰካ፤ ክርስቲያን ይህን ሁሉ በእጁ ይዞ አየ። ያልተለወጠው የአዛዦቹ ልብ ብቻ ነበር።

ሻምበሉ ናታን የባላባት ልጅ ነበር፤ ዕድሜው ሃያ ስድስት፤ የጦርነቱን ዘመን በቤተ መንግሥት ጸሐፊነት አሳልፎ፣ መኰንን ሲጠፋ ወደ ሜዳ የወጣ። ያን ቀን በፈረሱ ላይ እንዳለ ጮኸ፦

«ሠላሳ እርምጃ እስኪቀር ማንም ቃታ እንዳይስብ! ከዚያ አንድ ተኩስ፤ ከዚያ ሳንጃ! ንጉሣችን ናርቫ ላይ ድል የመቱት እንዲህ ነው!»

ክርስቲያን ባርኔጣውን አውልቆ ቀረበ። «ጌታዬ ሻምበል፣ ናርቫ ላይ በረዶው ወደ ሞስኮቦቹ ፊት ይነፍስ ነበር፤ አላዩንም። ከአሥር ዓመት በፊት በተሸነፍንበት ፖልታቫ ላይ ግን አዩን።»

«ስለ ፖልታቫ የሚነግረኝ እጁን የሰጠ ሰው ነው?»

«አዎ፣ ተማርኬ ነበር፤ አምልጬ ተመለስኩ። ስንማረክ ከመቶ ሃምሳ ሰው የቀረነው አሥራ አንድ ነበርን። ሳንተኩስ ወደ መድፉ ሄድን፤ ታናሽ ወንድሜ ኒልስ ክንዴን እንደ ያዘ ወደቀ። እርስዎ በዚያ አልነበሩም፤ ጌታዬ።»

ምልምሎቹ ሰሙ። ሻምበሉም ምልምሎቹ መስማታቸውን አየ፤ ይህንንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ይቅር አላለም።

ክርስቲያን ግን አልተወም። ከሰዓት በኋላ፣ ሻምበሉ ወደ ከተማ ሲገባ፣ ምልምሎቹን ከፈረሶቹ ጋጣ ጀርባ ይሰበስብና በሦስት ረድፍ ያቆማቸው ነበር፤ ፊተኛው ተንበርክኮ፣ መካከለኛው አጎንብሶ፣ ኋለኛው ቆሞ፤ አንዱ ረድፍ ሲተኩስ ሌላው እያጎረሰ፣ እሳቱ እንዳይቋረጥ። ባሩድ አልነበራቸውም፤ በባዶ ነፍጥ፣ በቃል እየቈጠሩ ተማሩ። በአምስተኛው ቀን ሻምበሉ ሳይታሰብ ተመልሶ ደረሰባቸው።

ቅጣቱ የእንጨት ፈረስ ነበር፤ ጀርባው እንደ ስለት የሾለ ሳንቃ። ክርስቲያንን በምልምሎቹ ፊት አስቀመጡት፤ በሁለቱም እግሮቹ ሁለት ሁለት ነፍጥ አንጠለጠሉበት።

«ነፍጥ ትወድ የለ?» አለው ናታን፤ «ይኸው፣ እስክትጠግብ ታጠቀው!»

ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲያወርዱት መቆም አልቻለም፤ ማዕረጉም ተገፍፎ ተራ ወታደር ሆነ። ሚስቱ ብሪታ ቁስሉን በፈላ ውሃ እያጠበች፣ «ይቅርታ ጠይቀውና ይብቃ» አለችው።

«አልጠይቀውም።»

«የምትሟገተው ስለ ኒልስ ነው። ኒልስ ሞቷል፤ ክርስቲያን።»

«እነዚህ ልጆች ግን አልሞቱም» አላት።

ነሐሴ አሥራ ሦስት ቀን ሞስኮቦቹ ስቴኬት በተባለው ጠባብ የባሕር በር አጠገብ ወረዱ፤ ያን በር ካለፉ ወደ ዋና ከተማዪቱ የሚያግዳቸው አልነበረም። የናታን ሻምበል ጦር ከዋናው ሰልፍ ጫፍ፣ ድንጋይና ጥድ በበዛበት ተዳፋት ላይ ተመደበ፤ ስድሳ ሰው ነበር። ጠላት ከላይ ቆሞ ይጠብቃል።

«ወደ ፊት! ማንም እንዳይተኩስ!» አለ ሻምበሉ፤ ሰይፉን መዝዞም ራሱ ቀደመ፤ ፈሪ አልነበረምና።

ሰማንያ እርምጃ ሲቀር የሞስኮቦቹ ሰልፍ በእሳት ተከፈተ። በአንድ ትንፋሽ ሃያ ሁለት ሰው ወደቀ፤ ናታንም ጭኑን ተመትቶ ተዘረረ፤ ከመሬት ላይ ሆኖ ግን አሁንም «ወደ ፊት! በሳንጃ!» ይል ነበር። የቀሩት ቆሙ፤ ወደ ፊት ለመሄድም ወደ ኋላ ለመሸሽም አልቻሉም። ከመካከለኛው ረድፍ ሁሉም የሚያውቁት ድምፅ ወጣ፦

«ተንበርከክ! በየረድፍህ! ፊተኛው፣ ተኩስ!»

ተንበረከኩ። ከጋጣው ጀርባ በባዶ ነፍጥ የቈጠሩትን አሁን በባሩድ ቈጠሩት፤ ፊተኛው ሲተኩስ ኋለኛው አጎረሰ፤ እሳቱ አልተቋረጠም።

«እሰቅልሃለሁ!» አለ ናታን በደሙ ላይ እንደ ተኛ፤ «ስፕዩት፣ እሰቅልሃለሁ!»

ክርስቲያን ዘወር ብሎም አላየው። የቀሩት ሠላሳ ስምንት ሰዎች፣ ረዳት ጦር እስኪደርስ ድረስ፣ ተዳፋቱን ይዘው ቆዩ፤ ሞስኮቦቹም ወደ ጀልባዎቻቸው ተመለሱ፤ ስቶክሆልም አልተቃጠለችም።

ከሳምንት በኋላ ሻምበሉ ከተኛበት ቤት አስጠራው። የጦር ዳኛው በማግሥቱ ሊመረምር ነው፤ አለቆች የሻምበሉን ጦር ጽናት አድንቀው፣ «ትእዛዙን የሰጠው ማን ነው?» ብለው ጠይቀዋል።

«እኔ ነኝ ብያለሁ» አለ ናታን፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። «አንተም እንዲሁ ትላለህ። አለዚያ በጦር ሜዳ የአለቃውን ትእዛዝ የሻረ ሰው ፍርዱ ምን እንደ ሆነ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። እውነቱን ከተናገርኩ እኔ እሰቀላለሁ፤ እርስዎ ግን በሕይወት ኖረው ሲሳቅብዎ ይሰማሉ።»

«ታስፈራራኛለህ?»

«አዎ፣ ጌታዬ። ክብሩን ይውሰዱት፤ እኔ አልፈልገውም። ግን ከእንግዲህ በእጅዎ የሚገባውን ምልምል ሁሉ፣ በራስዎ አፍ፣ ተንበርከክ ብለው ያሠለጥኑታል። አንድ ምልምል ሳይተኩስ ወደ እሳት ሲሄድ ከሰማሁ፣ ዳኛው ዘንድ ሄጄ ገመዴን ራሴ እጠይቃለሁ።»

ናታን ከግድግዳው ዞሮ አየው። «እጠላሃለሁ» አለ።

«እኔም እጠላዎታለሁ፤ ጌታዬ። ሃያ ሁለት ሰው ቀብሬያለሁ።»

በማግሥቱ ክርስቲያን በዳኛው ፊት ቆሞ፣ «ትእዛዙን የሰጡት ሻምበል ናታን ናቸው» አለ፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ እንደ እሬት መረረው። ናታን ሻለቃ ሆነ፤ የተጠየቀውንም ፈጸመ፤ ለዘጠኝ ዓመት ያህል ምልምሎችን፣ እየመረረው፣ እንደ ጠላቱ አሠለጠነ። ሁለቱ ዳግመኛ አልተነጋገሩም። ክርስቲያን ከከተማዪቱ በስተ ምዕራብ፣ ሄሰልቢ አጠገብ ባለች ጎጆ ከብሪታ ጋር ኖሮ በ1728 ዓ.ም. ሲሞት፣ ሻለቃው ወታደሮቹን ከሰፈር እንዳይወጡ ከለከላቸው፤ ያም ሆኖ ስድስት ሰዎች ቅጣቱን ተቀብለው ለቀብሩ መጡ።

በክፍለ ጦሩ መዝገብ ስለ እርሱ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፦ «ክርስቲያን ስፕዩት፤ ማዕረጉ የተገፈፈ፤ እግሩ የተጎዳ፤ ተሰናብቷል።» ስለ ናታን ግን ሦስት ገጽ ተጽፏል፤ ከተጻፈውም ውስጥ፣ ከአንዲት ቃል፣ «ተንበርከክ» ካለው ሰው ስም በቀር፣ ሁሉም እውነት ነው። ታሪክ ትእዛዙን አስታውሶ ያዘዘውን ረሳ። ከክርስቲያን ጋር የቆሙት ሠላሳ ሰባቱ ወደየእርሻቸው ተመልሰው፣ ልጆች ወልደው፣ አርጅተው ሞቱ፤ አንዳቸውም ለልጆቻቸው እንኳ ነገሩን አላወጡም፤ እንዳያወጡ ያስማላቸው ክርስቲያን ራሱ ነበርና።